ባለቤት የሌለው ጣራ

አማርኛ ቁጥብ ቋንቋ ነው፤ አንዱን ቃል ይዞ ሦስት ሥራ ያሠራዋል። “ባለቤት” የሚለውን ውሰዱ። ቤት ያለው ሰው ባለቤት ነው። የትዳር ጓደኛም ባለቤት ናት፤ “ባለቤቴን ተዋወቃት” እንላለን። በሰዋስው ክፍል ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ አድራጊ ባለቤት ይባላል። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት በአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ወረቀት ላይ ቀይ እስክሪብቶዬን በብዛት የጨረሰብኝ ባለቤቱ የጠፋ ዓረፍተ ነገር ነው። “ተወስኗል” ይላል ልጁ። ማን ወሰነ? “ይስተካከላል” ይላል። ማን ያስተካክለዋል? መልስ የለም። ልጁ ግን ጥፋቱ ሁሉ የእሱ አይደለም፤ ቋንቋውን የተማረው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከሚለጠፈው ወረቀት ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ቤት ጥገና ነው። አትሳቁ። ስለ ነገሥታቱ የሚጽፉ ሞልተዋል። ጣራ ሲያፈስ መሰላል ላይ ማን ይወጣ እንደነበረ፣ ወጪውንስ ማን ይችል እንደነበረ የሚነግረን ግን እምብዛም የለም። ይህም ታሪክ ነው። ከጣራ እንጀምር፤ ውኃ የሚገባው ከዚያ ነውና።

የሣር ክዳን ቤት ሲታይ እንደ ዛፍ ከመሬት የበቀለ ይመስላል እንጂ ከባድ የጥገና ሥርዓት ያለው ቤት ነው። ሣሩ ያረጃል፣ ይበሰብሳል፣ አይጥ ይጎረጉረዋል። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ነቀዙን እያባረረ ዕድሜውን ቢያራዝምለትም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መልሶ መክደን የግድ ነው። መልሶ ለመክደን ደግሞ ሣር ያስፈልጋል። በብዙው አገር ሰንበሌጥ ነው። በመንዝ ግን ጓሳ ነው፤ አካባቢውም ስሙን ከሣሩ ወስዷል።

የጓሳን ነገር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የመንዝ ሰዎች ያንን ደጋ መሬት “ቄሮ” በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር፤ መነሻው ወደ 17ኛው መቶ ዓመት ይመለሳል ይባላል። ቦታው ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ማጨድም፣ ከብት ማስገባትም ክልክል ነው። ሣሩ ደርሷል ሲባል ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ባለ መብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ጠባቂው አለቃ የሚሾመው በአካባቢው ሰው ምርጫ ነው። ሰርቆ ያጨደ ይቀጣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሹመት፣ ይህ ሁሉ ሕግና ቅጣት በአብዛኛው ስለ ጣራ ነው! ገመዱም የሚገመደው ከዚያው ሣር ነው። የአንድ ሰው ጣራ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚጠገንበት ሣር ዛሬ ተቆጥሮ፣ ተከልሎ፣ ዘበኛ ተመድቦለት ይጠብቀው ነበር። ባንክ ይሉታል ይህ ነው እንጂ!

ሥርዓቱ የቆመው በርስት ላይ ስለነበር፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ አብሮ ወደቀ። አዋጁ ጭሰኛን ከባላባት እጅ ያላቀቀ አዋጅ ነው፤ ይህን ለመካድ የሚደፍር የለም። የጓሳውን መዝጊያና መክፈቻ ቀን የሚቆርጠው ሰው ግን በዚያው ግርግር ሥልጣኑን አጣ። ቦታውን መልሰው እስኪያደራጁት ድረስ ሣሩ ብዙ ተጎዳ። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ፈረንጅ የሚሄድበት ቦታ ሆኗል። ፈረንጁ የሚያደንቀው የዱር አራዊት መጠበቂያ ግን ጣራ ለማደስ የተጠበቀ ሣር እንደነበረ ልብ የሚል ጥቂት ነው።

ወደ ከተማ እንምጣ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማ ለመሆን አልቸኮለችም ነበር፤ ድንኳኑ ከቤቱ ይበዛ ነበር። ቤቱ ሲበዛ እንጨቱ አለቀ። ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ቀጥ ያለ ነው። ማገዶውም፣ ምሰሶውም፣ ማገሩም፣ ወራጁም እሱ ሆነ። ባሕር ዛፍን ውኃ መጣጭ እያልን ስናማው እንውላለን፤ ማታ ስንገባ ግን የምንተኛው በእሱ ቤት ውስጥ ነው።

የጭቃ ቤት የምንለው በደንብ ካየነው የእንጨት ቤት ነው፤ ጭቃው ልብስ ነው። ባሕር ዛፉ መሬት ውስጥ ይተከላል፣ ማገሩ አግድም ይመታበታል፣ ከዚያ ከጤፍ ጭድ ጋር የተቦካው ጭቃ ይመረግበታል። ጭቃው ዝም ብሎ አይመረግም። ጭዱ እስኪበሰብስ ብዙ ቀን እየተረገጠ ይከርማል፤ ጠረኑን የሚያውቅ ያውቀዋል። መጀመሪያ የተመረገው ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሁለተኛው ይደረባል፤ ከዚያ ልስኑ። ይህን ሁሉ አልፎ የቆመ ቤት ሁለት ጠላት አለው፤ ሁለቱም ከእግሩ ይመጣሉ። አንዱ እርጥበት ነው፣ ሌላው ምስጥ። ብልህ አናጢ የእንጨቱን ጫፍ ከመትከሉ በፊት በተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል። ብልህ ግንበኛ ደግሞ በድንጋይ ውኃ ልክ ያወጣና ግድግዳውን ከመሬት ከፍ ያደርገዋል። ብልህ ባለቤትስ? ብልህ ባለቤት በግንቦት አካፋ ይዞ ቤቱን ይዞራል።

የምሬን ነው። ዛሬም በጭቃ ቤት የምትኖሩ፣ አዲስ አበባም ሆነ ክፍለ ሀገር፣ በጣም ብዙ ናችሁ። የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈርና ቆሻሻ አንሱ። ውኃው ከቤቱ እንዲሸሽ መሬቱን ወደ ውጭ አጋድሙት፤ ቦይ ካለ ጥረጉት። አሸንዳ ከሌላችሁ አሠሩ፤ ከጣራ የሚወርደው ውኃ መሬት መትቶ የሚረጨው ጭቃ ነው ልስኑን እስከ ጉልበት ድረስ የሚልጠው። አንድ ግድግዳ ሲያጎነብስ ሰው ጣራውን ያማል፤ እግሩ በስብሶ ነው።

ቆርቆሮ ቀድሞም በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ለቤተ መንግሥትና ለአብያተ ክርስቲያናት ይመጣ ነበር። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ግን የሁሉ ሰው ምኞት ሆነ። “ባለ ቆርቆሮ” ማለት ሀብታም ማለት ነበር። ለምን እንደተወደደ ይገባኛል፤ እሳት አይፈራም። በየካቲት 12፣ 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጥቁር ሸሚዞች በየሠፈሩ ቤንዚን እያርከፈከፉ ጎጆዎችን ከነሰዎቻቸው ሲያቃጥሉ የሣር ክዳን ምን ማለት እንደሆነ ይህች ከተማ አይታለች።

ይሁንና ቆርቆሮ አንድ ነገር ይዞብን ሄደ። ሣር የሚከደነው በደቦ ነበር፤ ጠላና ንፍሮ አቅርበህ ጎረቤትህን ትጠራለህ፣ ነገ ደግሞ በተራህ ትሄድለታለህ። ቆርቆሮ የሚመታው በአናጢ ነው። አናጢ ደግሞ በጠላ አይመጣም። ጥገና ከጎረቤት ጉዳይነት ወጥቶ የብር ጉዳይ የሆነው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ብሩን ማን ያወጣል የሚለው ጥያቄም ያኔ ተወለደ፤ እስካሁን ከእኛ ጋር አለ።

ቆርቆሮን ካነሳሁ አይቀር፣ ሻጩ “ባለ 35 ነው፣ ቆንጆ ነው” ሲላችሁ ቁጥሩ ስለበለጠ የበለጠ ቆርቆሮ እንዳይመስላችሁ። ጌጁ ከፍ ባለ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 28 ከባለ 32 ይወፍራል፣ ባለ 35 ደግሞ ድመት የሚያሳስባት ነው። ሚስማሩም በጉብታው ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይመታም። ይህን የማያውቅ አናጢ አለ? አለ እንጂ! እኔ ብቻ ስንት አይቻለሁ።

ወደ 1967 ዓ.ም. ደረስን። ሐምሌ 19 ቀን የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፤ ከዚያ የተረፈው ተወረሰ። ለመኖሪያ የሚፈቀደው ቦታም እስከ 500 ካሬ ሜትር ሆነ። ማከራየት ለግለሰብ ተከለከለ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ኪራዩም እስከ 300 ብር ላሉት ቤቶች ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ።

ስለዚህ አዋጅ ሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዓይነት ታሪክ ይነግራችኋል። የተወረሰበት ሰው ልጅ ያለቅሳል፤ እውነት አለው። እናቱ ጉልት ቸርችራ፣ እቁብ ጥላ የሠራቻት ሁለተኛ ጎጆ ከባላባቱ ሃምሳ ቪላ ጋር አንድ ላይ “ትርፍ” ተብላ ተወስዳለች። የተከራይ ልጅ ደግሞ ሌላ ይነግራችኋል፤ እሱም እውነት አለው። ከዚያ በፊት የከተማው ብዙ ሰው በሰው ግቢ፣ ከበረቱ አጠገብ በተቀጠለች ክፍል የሚኖር ተከራይ ነበር። የዱሮ አከራይ ጣራ አዳሽ ደግ ሰው ነበር የሚል ካለ ተረት ነው። ኪራዩን በወሩ መጀመሪያ የሚያስታውስ አከራይ ፍሳሹን በሐምሌ አያስታውስም ነበር። እኔ የሁለተኛው ልጅ ነኝ።

ያደግሁት በቀበሌ ቤት ነው። ኪራዩ ጥቂት ብር ነበር፤ ሳይጨምር ዓመታት አለፉ፣ መንግሥትም ተለወጠ፣ ኪራዩ ያው። ድሃ ሰው በከተማው እምብርት፣ ከሥራውና ከገበያው ሳይርቅ ለመኖር የቻለው በዚህ ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ጥቂት ብር ኪራይ ጥቂት ብር ጥገና ነው። ከጠቅላላው ሠፈር የሚሰበሰበው ኪራይ የደመወዝና የወረቀት ወጪውን ሲችል፣ ለጣራ የሚተርፈው ምንም ነበር። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ላድስ ቢል ደግሞ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ቤቱ የመንግሥት ነዋ!

አባቴ ማመልከቻ ጻፈ። በመጋቢት የገባው ማመልከቻ መልሱ በመስከረም መጣ፤ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ወረቀቱን ካደግሁ በኋላ አግኝቼ አንብቤዋለሁ። “ጉዳዩ በቅደም ተከተል የሚታይ መሆኑ ታውቆ በትዕግሥት እንዲጠበቅ” ይላል። ማነው የሚያየው? ማነው ያወቀው? እነሆ፣ ቀይ እስክሪብቶዬ የሚያስፈልገው ያኔ ነበር።

በቀጣዩ ሰኔ እናቴ ማሰሮ፣ ሳፋና ድስት በየሚያንጠባጥብበት ቦታ ደርድራ ስትጨርስ ወደ አባቴ ዞረች።

“አንተ ሰውዬ፣ አትወጣም?”

“ፈቃድ የለኝም እኮ። ቤቱ የቀበሌ ነው።”

“ታዲያ ዝናቡ የሚዘንበው ቀበሌው ላይ ነው እንዴ?”

አባቴ በሌሊት ወጣ። የመዶሻውን ጭንቅላት በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ድምፅ እንዳይሰማ፣ ሁለት ቆርቆሮ ደርቦ መታ። እኔ ከታች ፋኖስ ይዤ ነበር። የገዛ ቤቱን ጣራ እንደ ሌባ በጨለማ የሚጠግን ሰው ያየሁት ያኔ ነው። የማይጠግኑት ጎረቤቶቻችን ላስቲክ አልብሰው ድንጋይና አሮጌ ጎማ ይጭኑበት ነበር። ከአውሮፕላን ሲታይ የመሀል አዲስ አበባ ጣራ ለብዙ ዓመት በጎማ የተሞላው ለዚህ ነው።

እንዲህ ዓይነት ሠፈር ውስጥ ሁለት ትውልድ አደገ። ብዙዎቹ ቤቶች ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ፈርሰዋል። የፈረሱት ያረጁ ስለነበሩ ነው ይባላል። ያረጁት ግን በአንድ ቀን አይደለም፤ ጭቃ ቤት በየዓመቱ ከተመረገ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ የሚመርገው ካጣ ነው የሚያረጀው።

አሁን እንግዲህ ብዙዎቻችን ኮንዶሚኒየም ገባን። እኔም ከከተማው ዳር አንድ ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ እኖራለሁ። መነሻው በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የቤቶች ልማት ነው፤ 20 በመቶ ቀድመህ ትከፍላለህ፣ ቀሪውን ባንክ ያበድርሃል። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 10/90ውና 40/60ው ተጨመረ፤ ሰው ሒሳብ ለመክፈት ባንክ በር ላይ ያደረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን በወቅቱ ብዙም ልብ ያላልነው ይመስለኛል። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃን ለሁለት ከፈለው፤ የግልህ የሆነ ክፍል እና የሁላችሁ የሆነ ክፍል። ጣራው፣ ደረጃው፣ ዋናው የውኃና የፍሳሽ መስመር የጋራ ነው። የጋራውን የሚያስተዳድር የባለቤቶች ማኅበር ይኖራል፤ መዋጮም ይኖራል። በወረቀት ላይ የጓሳ ሥርዓት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በተግባር ግን የብዙዎቻችን ማኅበር ለዘበኛ ደመወዝ ያዋጣል፣ በዚያው ያበቃል።

ስለ ኮንዶሚኒየም አንድ ነገር ላንሳ፤ ረዘም አደርገዋለሁ፣ ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ስለሆነ። የሣር ክዳን ቤት ይተነፍስ ነበር። የጭቃ ቤትም በማገሩና በቆርቆሮው መሀል ቀዳዳ አያጣም፤ እናቶቻችን ከሰሉን ቤት ውስጥ ሲያነዱ ክፉው ጋዝ የሚወጣበት አለው። አዲሱ ቤት ብሎኬት፣ ሲሚንቶና መስታወት ነው፤ ሲዘጋ ተዘጋ ነው። እኛ ግን ልማዱን እንደ ዕቃችን ጠቅልለን ይዘን ገባን። ብርድ ሲሆን የከሰሉን ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብተን፣ በሩን ዘግተን እንተኛለን። ከሰል ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ አይጠፋም፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ያስተኛል፣ በዚያው ያስቀራል። በየክረምቱ እንዲህ ያለ ዜና እንሰማለን፣ “ምቀኛ ነው” የሚልም አናጣም። ምቀኛ አይደለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። የፍም ማንደጃ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይዞ መተኛት የለም። ለቡና እንኳን ሲሆን መስኮት ይከፈት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምራችሁ ቶሎ ወደ ውጭ፤ ሎሚ ማሽተት አያድንም።

የኤሌክትሪክ ምጣድም እንዲሁ ነው። አንድ ምጣድ ከሦስት እስከ አራት ኪሎዋት ይበላል። ይህን ስልክ ቻርጅ ለማድረጊያ በተዘረጋች ቀጭን መስመር ላይ፣ ያውም በማከፋፈያ ሰክቶ፣ ከጎኑ ምድጃ መለኮስ ገመዱን ግድግዳ ውስጥ መጥበስ ነው። ለምጣድ ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ሶኬቱ ሲሞቅ፣ ሲጠቁር፣ ሲሸት እየነገራችሁ ነው። በብሬከሩ ፋንታ ሽቦ የሚያስር ጎረቤት ካላችሁ ዝም አትበሉት፤ ቤቱ ከእናንተ ቤት ጋር አንድ ቤት ነው። የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ በራችሁ ጀርባ ለጥፉት።

ውኃ ስለሚጠፋ ደግሞ ሁላችንም ሮቶ ሰቀልን። ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ነው፤ አሥር ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። አሥር ኩንታል ጤፍ በረንዳ ላይ የሚቆልል ሰው አለ? ሮቶ ሲሆን ግን ሰው ቀላል ይመስለዋል፤ ፕላስቲክ ነዋ! ሳሎን ለማስፋት ግድግዳ የሚያፈርስም አለ፤ መሐንዲስ ሳይጠየቅ፣ ዓምድ ይሁን ምን ይሁን ሳይታይ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ በኩል መሬቱ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ የእኛም ሕንፃ ደጋግሞ ተወዛወዘ፤ ሰው ሌሊት በጋቢ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በነሐሴ 1898 ዓ.ም. የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በብርቱ ተሰምቷል፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ በካራ ቆሬ አካባቢ ማጀቴ ከተማን አፍርሷል። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ከራሱ ጎጆ በላይ ሌላ ሰው የሚኖርበት ጥቂት ነበር። ዛሬ አንዱ ያፈረሰው ግድግዳ ከበላዩ ያሉት አራት ቤተሰቦች ጉዳይ ነው።

ገንዘቡስ? እኛ ለገንዘብ ጥበብ የጎደለን ሰዎች አይደለንም። ለመግዛት እቁብ አለን፤ ለመቅበር እድር አለን። እድር ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን በስም ጽፎ ይዟል፤ አንድ ብርጭቆ ቢጎድል ይጠይቃል። በመግዛትና በመቀበር መሀል ላለው ለመጠገን ግን ምንም የለንም። ደቦ ሄደ፤ በእሱ ምትክ የመጣ የለም። ብዙ ሰው ቤቱን ሲገዛ ያለውን ሁሉ አሟጥጦ ይከፍልና፣ በሦስተኛው ዓመት ቧንቧ ሲፈነዳ ይበደራል። ባንክ በየወሩ ከሚወስደው ጎን ትንሽም ቢሆን ለጥገና ለብቻ አስቀምጡ እላለሁ። ብር ዋጋው ይወርዳል ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ቧንቧና ገመድ ዋጋው አልያዝ ብሏል። እንግዲያው ቧንቧውን፣ ቆርቆሮውን፣ ሴራሚኩን ዛሬ ገዝታችሁ አስቀምጡ፤ አይበሰብስም። ሲሚንቶ ግን አታከማቹ፤ ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ እርጥበት ስቦ ጉልበቱ ይሞታል። ሰውዬው የሁለት ዓመት ሲሚንቶ አልጋ ሥር አስቀምጦ ሀብታም ነኝ ሲል አይቼ አዝኛለሁ።

ሕጉም ቢሆን ባዶ እጃችንን አልተወንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 ላይ፣ ሕንፃ የሠራ ሥራ ተቋራጭ ከርክክቡ ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው በደንብ መሠራትና ለጥንካሬው ዋስ ነው ይላል። አሥር ዓመት! ስንቶቻችን ነን ቤት አሠርተን የርክክቡን ቀን በጽሑፍ የያዝን? “አደራ፣ ወንድሜ ነው” ብለን በቃል እናሠራለን፤ ሲሰነጠቅ ወንድምነቱም አብሮ ይሰነጠቃል። ውል ይጻፍ፣ ቀን ይጻፍ፣ ደረሰኝ ይቀመጥ። የእሳት መድንም አለ። ለመኪናችን የሦስተኛ ወገን መድን የምንገባው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግዴታ ስለሆነብን ነው፤ ለቤታችን ግዴታ ስላልሆነ አንገባም፤ ቤቱ ግን ከመኪናው ይበልጣል። ስትገቡ የመሬት መንቀጥቀጥ ይካተት እንደሆነ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ግብሩም ቢሆን ተለውጧል፤ ጣራና ግድግዳ እያልን የምንከፍለውን የሚተካ የንብረት ታክስ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ስለ ቤታችን ዋጋ መንግሥት ሲያስብ እኛ ስለ ጣራው ብናስብ ነውር የለውም።

የእኛን ሕንፃ ነገር ነግሬያችሁ ላብቃ። ከአራተኛ ፎቅ የሚወርደው ዋናው የፍሳሽ ቱቦ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተሰንጥቆ፣ ከሥር ምድር ቤት በሚኖሩ አንዲት እናት ማድቤት ላይ ያንጠባጥባል። ብቻቸውን ናቸው፤ ልጃቸው ዓረብ አገር ነች፣ ቤቱንም በላከችው ገንዘብ ነው የከፈሉት። ስምንት ወር ሆነው። ስብሰባ ተጠራ። ከላይ ያሉት “እኛ ጋ አይፈስም” አሉ። አንዱ ጎረቤቴ፣ የተማረ ሰው ነው፣ “በሚመለከተው አካል ይሠራል” አለ። የሚመለከተው አካል ማነው ብዬ ጠየቅሁት። ተቆጣ። አዋጁን አውጥቼ አነበብኩ፤ አንዳንዱ “መምህር ደግሞ ክፍል መሰለው” እያለ ሳቀ። እኚያ እናት ምንም አልተናገሩም። ወጥተው፣ ከማድቤታቸው የሞላ ባልዲ ይዘው መጡና ከመሀላችን አስቀመጡት።

“ልጆቼ፣ ይኼ የማንኛችሁ ነው?” አሉ።

ቱቦውን የሚቀይረው ባለሙያ 24ቱ ቤቶች እኩል ቢያዋጡ የሚቻል ዋጋ ሰጥቶናል። መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። እስካሁን 19 ቤት ከፍሏል፤ ከአምስቱ ሦስቱ ተከራዮች ናቸው፣ ባለቤቶቻቸው በስልክ አልተገኙም። ሁለቱ ያው “እኛ ጋ አይፈስም” እንዳሉ ናቸው። የጎደለውን እኛው ሸፍነን፣ በመዝገቡ ላይ በስማቸው ዕዳ ጽፈን፣ የፊታችን ቅዳሜ ሥራው ይጀመራል። እኚያ እናት ለሠራተኞቹ ቡና አፈላለሁ ብለዋል። በረንዳ ላይ እንዲያፈሉት ተስማምተናል።